ኳሷ ያረፈችበት

የሸክላ አፈር ሜዳ የቴኒስ ወቅት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው ተጫዋቿ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቀዩ ሜዳ ዳር ተቀምጣ የግራ ቁርጭምጭሚቷን በፋሻ ትጠቀልል ነበር። ባለፈው ዓመት እንዲህ ዓይነት አፈር ላይ ስትንሸራተት ጅማቷ ተበጥሶ ሰባት ወር ቤት ውላለች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ብዙ ወቅት እንዳልቀራት ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች።

አሰልጣኟ ስልሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሠለጠኗት እሳቸው ናቸው፤ ጋሼ ትላቸዋለች።

“ዛሬ ሥራሽ መንሸራተት ብቻ ነው” አሉ፣ የኳሱን ቅርጫት እየገፉ።

“እግሬ እሺ ካለ።”

“እግርሽን ማን ጠየቀው? የፈራው ልብሽ ነው።”

እውነታቸውን ነበር። እርጥብ ወለል ላይ እንደሚራመድ ሰው እየተጠነቀቀች ኳሱ ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን የጋሼ ጩኸት መንገድ ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ዛሬ ግን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ።

አራት ሰዓት ገደማ አንዲት ግራኝ ተጫዋች የልምምድ ጨዋታ ልትገጥማት መጣች። ገና ሃያ ያልሞላት፣ ግራ እጇ እንደ መዶሻ የሚከብድ ልጅ ናት። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ኳሱን ወደ ጥጉ ላከችው። ተጫዋቿ ፍርሃቷን ረስታ ሮጠች፤ አፈሩ ላይ ረጅም ተንሸራታ በመስመሩ በኩል መለሰችው። ቆማ እግሯን አዳመጠች። ምንም አላመማትም።

“ኳሷ ወጥታለች!” አለች ግራኟ።

“ኧረ ገብታለች!”

ሸክላ አፈር ላይ ኳስ ያረፈበት ምልክት ይቀራል። ሊዳኙ ጋሼ መጡ። ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ ከዚያ በጣታቸው እየጠቆሙ “ወጥታለች፤ ይኸው” አሉ።

ያሳዩት የጫማ ጫፍ የቆፈረውን ነበር። የኳሷ ምልክት ከዚያ አንድ ክንድ ርቆ ነጩ መስመር ላይ ቁጭ ብሏል። ግራኟ አፏን ስትከፍት ተጫዋቿ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት።

“እሺ ጋሼ፣ ወጥታለች።”

ወዲያው ብዙ ነገር ተገለጠላት። ወገቤን አመመኝ ብለው መኪና መንዳት ትተዋል። የጨዋታ ቪዲዮ ሲከፈት “ያየሽውን አንቺው ንገሪኝ” ይሏታል። እሷ ግን ለትምህርቷ ሲሉ መስሏት ነበር።

ግራኟ እንደሄደች አጠገባቸው ተቀመጠች።

“ጋሼ፣ ኳሷ መስመሩ ላይ ነበረች።”

ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሹ። “ሞራ ነው” አሉ፤ “በሁለቱም ዓይኔ። ሐኪሙ ቶሎ በቀዶ ሕክምና ይሠራ ብሎኝ ነበር። ወቅቱ ይለፍ አልኩት።”

“ለምን?”

“ከዚያ ሁሉ በኋላ ብቻሽን ልላክሽ?”

ተናደደች። “እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ልጫወት እያልኩ ሳለቅስ ‘መጀመሪያ ዳኚ’ ያሉኝ ማን ነበሩ? ለእኔ ሲሆን ምክር፣ ለእርስዎ ሲሆን ቀልድ?”

“አቤት! ከእግርሽ ምላስሽ ቀድሞ ዳነ” ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ተቋረጠ። “ፈርቼ ነው ልጄ። ዓይን ነው እኮ።”

እሷም ንዴቷ በረደ። እጃቸውን ያዘች፤ በሌላ እጇ ሐኪም ቤቱ ጋ ደወለች። የተገኘው ቀጠሮ እሷ ለመጀመሪያው ውድድር የምትሄድበት ቀን ሆነ። ጋሼ ሊያጉረመርሙ ሲሉ “እሺ፣ በዚያ ቀን ይመዝግቧቸው” ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወንበር አስመጥተው ሜዳው ዳር ተቀመጡ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። እሷ ከኳስ መወርወሪያው ማሽን ጋር ስትሠራ እግሯን ያዳምጣሉ።

“ዘገየሽ! ከመታሽ በኋላ ነው የተንሸራተትሽው። መጀመሪያ የአፈሩ ድምፅ፣ ከዚያ የኳሱ!”

እንደገና ሞከረች።

“አዎ! እሱን ድገሚልኝ!”

እስኪደክማት ደገመች። ጩኸታቸው ግን አልደከመም።

በውድድሩ የመጀመሪያውን ዙር አለፈች፤ በሁለተኛው ተሸነፈች። ልብሷን እየቀየረች ሳለ የጋሼ ባለቤት ደወሉና ስልኩን ለጋሼ አቀበሏቸው።

“በተሠራው ዓይኔ በቴሌቪዥን አየሁሽ” አሉ ጋሼ። “ጥርት አድርጌ! ሁለተኛው ሰርቭሽ ያሳፍራል።”

“እግሬስ?”

“እግርሽ ሸጋ ነው።”

ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። “ሁለተኛው ዓይን መቼ ነው የሚሠራው?”

“በሚመጣው ወር። ግን ውድድር አለሽ...”

“የለኝም” አለች፤ “እኔ ነኝ የምወስድዎት።”