ርዕስ የሌለው ወረቀት

«ርዕስ አትጻፊበት ብያለሁ» አለ የፕሮጀክቱ ኃላፊ አቶ ጎሹ፤ ወረቀቱንም ከጥሩብርሃን እጅ ተቀብሎ ለሁለት ቀደደው። «ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፊርማ። በቃ። ከላይ አራት ጣት የሚያህል ቦታ ክፍት ተይው። ርዕሱ በኋላ ይሞላል።»

ጥሩብርሃን «እሺ» አለች። አዳራሹ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብላ ሌላ ወረቀት ማስመር ጀመረች። መስመሩ ተጣመመባት። ማስመሪያውን አጥብቃ ይዛ ደግማ አሰመረች።

እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ የጀመራት ትናንት ከሰዓት ነው። አንድ ደብዳቤ ስትፈልግ የዛሬው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተተይቦ፣ ታትሞ አቶ ጎሹ ፋይል ውስጥ አገኘችው። ስብሰባው ዛሬ፣ ቃለ ጉባኤው ትናንት። «ተሳታፊዎች በሰፊው ከተወያዩ በኋላ ዲዛይኑን በሙሉ ድምፅ ተቀብለዋል» ይላል። የጎደለው ፊርማው ብቻ ነበር።

ዲዛይኑ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የዲላው አሮጌ መናፈሻ እንዲህ ሊሆን ነው፤ ፏፏቴ አለው፣ ካፌ አለው፣ የልጆች ዥዋዥዌ አለው፣ ዙሪያውን የብረት አጥርና አንድ በር። ያምራል፤ አያምርም ማለት አይቻልም። የሌለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የታችኛው ሜዳ። ከመናፈሻው ጀርባ ባለው ሰፈር ቤቶቹ እርስ በርስ የተጣበቁ ናቸው፤ መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። እዚያ ሰፈር ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው ሜዳው ላይ ነው። ጴንጤውም፣ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም ለቅሶ የሚቀመጠው እዚያው ነው። በስዕሉ ላይ ሜዳው ፏፏቴ ሆኗል።

ጥሩብርሃንም የዚያው ሰፈር ልጅ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አባቷ ሲሞቱ ሦስት ቀን ያለቀሰችው እዚያ ሣር ላይ ነው። እናቷ እማማ ሸዋነሽ ደግሞ ደም ግፊቱ ከጸናባቸው ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። ዛሬ ጠዋትም ጫማዋን ስታስር አልጋቸው ላይ ሆነው፣

«ስብሰባው ዛሬ ነው አይደል?» አሏት።

«አዎ እማ።»

«እኔ ስሞት እንግዲህ ድንኳኔን ፏፏቴው ውስጥ ትተክሉታላችሁ።»

«እማ በናትሽ፣ በጠዋቱ ሞት አታውሪ።»

«እኔ ካላወራሁ ማን ያውራልኝ? አንቺ እንደሆንሽ የመንግሥት ሰው ሆነሻል።»

የመንግሥት ሰው መሆን እንኳ አልቻለችም። የመናፈሻው ማሻሻያ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ኮንትራቷ ሰኔ ሠላሳ ያልቃል፤ የማራዘሚያው ደብዳቤ አቶ ጎሹ መሳቢያ ውስጥ ፊርማ ይጠብቃል። የእናቷ መድኃኒት የሚገዛው በዚችው ደመወዝ ነው። ስለዚህ አቶ ጎሹ ክፍት ተይው ካላት ክፍት ትተዋለች፤ ምን ታድርግ?

ጉዱ ግን ክፍቱ ቦታ በምን እንደሚሞላ ማወቋ ነው። አምና አታውቅም ነበር። አምና መናፈሻው በር ላይ ጉልት ለሚቸረችሩ ሴቶች ውይይት አለ ተብሎ፣ እሷው ራሷ በየመደቡ እየዞረች «የስም መመዝገቢያ ነው» ብላ አስፈረመቻቸው። የሰፈራቸው ልጅ ናትና አላንገራገሩም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያ ወረቀት ከአንድ ቃለ ጉባኤ ጋር ተያይዞ አየችው። ከላይ፣ ክፍት በተተወው ቦታ፣ በአቶ ጎሹ የእጅ ጽሕፈት «ቦታውን በፈቃዳችን ለመልቀቅ የተስማማን» ይላል። ከስሞቹ ሦስተኛው የሀዲጃ ነበር።

ሀዲጃ ጎረቤቷ ናት፤ ቤታቸውን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ጥሩብርሃን አባቷን ስታጣ ሦስቱን ቀን በጄሪካን ውኃ ስታመላልስ የሰነበተችው እሷ ናት። አሁን አቮካዶዋን የምትሸጠው ወደ ጪጩ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባጃጅና አቧራ መሀል ነው። ከተነሳች ወዲህ ጥሩብርሃንን ሰላም ብላት አታውቅም። አትሰድባትም፣ አታሽሟጥጣትም፤ እንዳላየ ታልፋታለች። ጥሩብርሃን ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር ትላለች።

ሦስት ሰዓት ላይ ሰው መግባት ጀመረ። ውጭ ስለሚያካፋ የሁሉም ጫማ ቀይ ጭቃ ይዞ ገባ። የለስላሳ ሳጥኖች መድረኩ ሥር ተደርድረዋል፤ ለስላሳ የሚታደለው ለፈረመ ሰው ነው። ይሄም የአቶ ጎሹ ዘዴ ነው።

ቀድመው የደረሱት የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ሰብስቤ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጥሩብርሃንን አራተኛ ክፍል አስተምረዋታል።

«አንቺ ነሽ የያዝሽው? ጎሽ» አሉ። «መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት። የቱ ጋ ነው የምፈርመው?»

«ምን ላይ እንደሚፈርሙ አይጠይቁኝም?» ልትላቸው አሰበች። አቶ ጎሹ ግን ከኋላዋ ቆሟል፤ የሽቶው ጠረን ይመጣባታል። ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገችላቸው። ጋሽ ሰብስቤ ፈረሙ፤ ፊርማቸው ድሮ ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፉት ቀጥ ያለ ነው። ወደ ወንበራቸው ሲሄዱ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት፤ ያኔ ማልቀስ አማራት።

ቀጥሎ አቶ ጂግሶ መጡ። የጌዴኦ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛን በጎልማሳነታቸው ስለለመዱ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ አንተ ንገረኝ እስቲ» አሉ ጮክ ብለው። «በእኛ ሶንጎ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሰው ሁሉ የሆዱን ይናገራል፣ ነገር የሚያልቀው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ገና አፍ ሳይከፈት ነው እንዴ የሚፈረመው?»

ሰው ሳቀ። አቶ ጎሹም አብሮ ሳቀና ወደ ፊት መጣ።

«አባቴ፣ ይቺ እኮ የመገኘት ናት። ማን መጣ፣ ማን ቀረ ለማለት ነው።»

«የመገኘት ከሆነችማ ጥሩ» አሉ አቶ ጂግሶና አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው አሳረፉ። ለስላሳቸውንም ተቀበሉ።

አቶ ጂግሶ ስብሰባውን በምርቃት ከፈቱት። ከዚያ አቶ ጎሹ ዱላ ይዞ ስዕሉን ማስረዳት ጀመረ፤ እዚህ መብራት፣ እዚህ አበባ፣ እዚህ ቱሪስት። ወረቀቱ በር ላይ ላልፈረሙት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጥሩብርሃን ጥግ ላይ ተቀምጣ ማስታወሻ የምትይዝ ትመስላለች፤ ዓይኗ ግን ከወረቀቱ አልተነቀለም። አንድ ረድፍ ሲጨርስ እሷም አንድ ነገር ከውስጧ የሚወሰድባት ይመስላታል።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ ጋሽ ሰብስቤ ብድግ ብለው። «ስዕሉ ደስ ይላል። ግን ነገ አንድ ሰው ቢሞትብን ድንኳናችን የት ነው የሚተከለው?»

አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንዲት ሴት «እኛም እሱን ነው!» አለች።

«አስተያየትዎ ተመዝግቧል» አለ አቶ ጎሹ። «ቀጣይ።»

«መመዝገቡን አልጠየቅሁም። የት ነው የሚተከለው?»

«ተመዝግቧል አልኩ እኮ ጋሼ። በዝርዝር ይታያል።»

ጋሽ ሰብስቤ ወደ ጥሩብርሃን ዞሩ። «ጻፍሽው አይደል ልጄ?» አሉ። «ጽፌዋለሁ» አለች። በእርግጥም ጽፋዋለች። የተጻፈው ግን የትም እንደማይደርስ ታውቃለች፤ የሚሠራበት ቃለ ጉባኤ ትናንቱኑ ተተይቦ አቶ ጎሹ ፋይል ውስጥ ነው። እኚህን ሰውዬ ዓይን ዓይናቸውን እያየች መዋሸቷ ነው።

ሀዲጃ የገባችው ያን ጊዜ ነው። ዘግይታለች፤ ሻርፗ በካፊያው ረጥቧል። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱ እሷ ጋ ሲደርስ አልፈረመችም። አንስታ ፊቱን አየች፣ ጀርባውን አየች፣ ከዚያ ቀና ብላ በዓይኗ ጥሩብርሃንን ፈለገች። አቶ ጎሹም አየ። በአገጩ ለጥሩብርሃን ምልክት ሰጣት፤ ሂጂና አስፈርሚያት ማለቱ ነው።

በወንበሮቹ መሀል አልፋ ሀዲጃ ጋ ደረሰች።

«ይሄ የምንድነው?» አለች ሀዲጃ። በዓመቱ የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«የስም መመዝገቢያ ነው» አለች ጥሩብርሃን። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷ ደነገጠች።

«አምናም እንደዚሁ ነው ያልሽኝ።»

ሀዲጃ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ። የኔማ አንዴ ሄዷል። አባትሽን ያለቀስንላቸው እዚያ ነው። እማማ ሸዋነሽ አንድ ነገር ቢሆኑ የት ነው የምናለቅሰው? እሱን ብቻ ንገሪኝ፣ እፈርምልሻለሁ።»

ጥሩብርሃን ወደ መድረኩ፣ ወደ አቶ ጎሹ ዞር ስትል ሀዲጃ ወረቀቱን ሳትፈርም መለሰችላት። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ጥሩብርሃን ወረቀቱን ይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። አርባ ሦስት ስም አለው። ከላይ አራት ጣት ክፍት ቦታ። ከመድረኩ ላይ አቶ ጎሹ መዝጊያውን ጀምሯል፤ ስለ ልማት፣ ስለ ተባባሪው ሕዝብ። ሲጨርስ ወረቀቱን ይወስዳል፤ ማታ ርዕሱን ይጽፍበታል። ከዚያ ሰኔ ሠላሳ ይመጣል፣ ደብዳቤዋ ይፈረማል፣ መድኃኒቱ ይገዛል። አንድ ቀን ደግሞ እናቷ ይሞታሉ። ያን ቀን ማን ይመጣል? ጋሽ ሰብስቤ ይመጡ ይሆን? ግድግዳዋን የምትጋራት ሴት ውኃ ታመጣላት ይሆን? ከሥራ መባረርን ትፈራለች፤ በጣም ትፈራለች። ይሄኛው ግን ሌላ ፍርሃት ነው።

እስክሪብቶዋን አነሳች። መጀመሪያ የጻፈችው ፊደል ወደ ጎን አዘመመ፤ ግድ የለም ብላ ቀጠለች። ሌላ ቃል እንዳይገባ ፊደሉን አተልቃ፣ ክፍቱን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ሞላችው። «ግንቦት 23 ቀን በመናፈሻው ዲዛይን ላይ ለመወያየት የተገኙ ሰዎች ስም። ይህ ፊርማ የመገኘት እንጂ የስምምነት አይደለም።»

አቶ ጎሹ ጭብጨባውን ተቀብሎ ሲወርድ አጠገቧ ደረሰ።

«ምንድነው የምትጽፊው?»

«ርዕሱን።»

«በኋላ ይሞላል አላልኩሽም?» አለ በጥርሱ መሀል፤ ለሰው ፈገግ እንዳለ ነው።

«እርስዎ ለአቶ ጂግሶ ያሏቸውን ነው የጻፍኩት» አለች። «የመገኘት ናት ብለዋቸዋል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

አቶ ጎሹ ወረቀቱን አየ። አቶ ጂግሶ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ለስላሳቸውን እየጠጡ ወደነሱ ይመለከታሉ። አሁን እንደ ጠዋቱ ሊቀደው አይችልም።

«ሰኔ ሠላሳ ሩቅ አይደለም፣ ጥሩብርሃን።»

«አውቃለሁ።»

«አምጪው» አለና እጁን ዘረጋ።

የተዘረጋውን እጅ አየችው። ሰጥታው ቁጭ ብትል ሁሉም ያበቃ ነበር።

«ያልፈረመ ሰው አለ» አለችና ወረቀቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ወደ ኋላ ሄደች።

ሀዲጃ ልትወጣ ሻርፗን እያስተካከለች ነበር። ጥሩብርሃን ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ዘረጋችላት። ጣቷን ግን እንደ ጠዋቱ መስመሩ ላይ አላደረገችም፤ ከላይ፣ ርዕሱ ላይ አደረገችው።

«መጀመሪያ አንብቢው» አለቻት።