የካሣነሽ ወፍጮ ደጅ

አርብ አርብ ካሣነሽ ውኃ የምትጎነጭበት ጊዜ አልነበራትም። ወፍጮ ቤቷ አርብ ገበያ መግቢያ ላይ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። ገብስ የጫነ አህያ ሁሉ መጀመሪያ የሚቆመው እሷ ደጅ ነበር። ባላገሩ እህሉን አራግፎ ተራ ያስይዝና ገበያውን ውሎ፣ ሲመለስ ዱቄቱን ጭኖ ይሄዳል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በዚሁ ወፍጮ ነው።

መንገዱ አስፋልት ሊሆን ነው የተባለ ጊዜ ባዩ የሚባል ወጣት መሐንዲስ መዝገብ ይዞ መጣ። በደጇ በቀን ስንት አህያና ስንት መኪና እንደሚገባ በትሕትና ጠየቃት። እንግዲህ በእኛ አገር መዝገብ የያዘ ሰው ገበያ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቅ ምን እንደሚመለስለት ሕፃንም ያውቃል። ካሣነሽ ግብር ሊጨምርባት የመጣ መሰላት። ዕለቱ ማክሰኞ ስለነበር ግቢው ጭር ብሏል፤ ለውሸቷ ተመቻት።

«ኧረ ምን ሰው አለና ልጄ። ሁለት ሦስት አህያ ቢመጣ ነው፤ እሱም ከተገኘ» አለችው።

ባዩ ጻፈና አስፈረማት። እሷም እንዴት እንደሸወደችው ለጎረቤት እያወራች ስትስቅ ሰነበተች። የታች ሰፈሩ ባለወፍጮ ፈንታው ግን፣ የዋህ ሆኖም ይሁን ነገሩ ገብቶት፣ ያለውን እንዳለ ተናገረ።

አስፋልቱ ሲያልቅ ከካሣነሽ ግቢ በላይ ከፍ ብሎ፣ በዳሩ ጥልቅ የድንጋይ ቦይ ተሠራ። በየደጁ ወደ መንገዱ መውጣት ቀረ፤ ቦዩን መሻገሪያ ድልድይ የተሠራው ብዙ ሰው በሚገባበት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ ፈንታው ደጅ ላይ ሆነ። የካሣነሽ ደጅ ተዘጋ።

ባሕር ዛፍ ቆርጣ በቦዩ ላይ ብታጋድም የመንገድ ሠራተኞች አነሱባት። ሁለተኛም አጋደመች፤ ሁለተኛም አነሱ። በመጨረሻ ባዩ ዘንድ ሄደች።

«ዋሽቼህ ነው ልጄ፤ ግብር መስሎኝ። አርብ አርብ ስድሳ አህያ ይገባልኝ ነበር።»

ባዩ አላሾፈባትም፤ እንዲያውም አዘነላት። «አምንዎታለሁ እናቴ። ግን ያ ቦታ መታጠፊያ ነው። ከተዘጋ ወዲህ እዚያ ሰው አልሞተም» አላት።

ከመዘጋቱ በፊት ከደጇ የወጣ አህያ ላለመግጨት ሲል የተገለበጠው አይሱዙ የገደለውን ሰው ከመንገዱ ያነሳችው እሷ ራሷ ናት። ውሸቱ የራሷ፣ እውነቱም የእሱ ሆነባት። የምትጣላው ሰው ማጣት ከሁሉም በላይ አንገበገባት።

ከዚያ በኋላ ደንበኞቿ አርብ አርብ በአስፋልቱ ሲያልፉ ከማዶ ሆነው እያፈሩ ሰላም ይሏት ጀመር። ጨክነው ያልሄዱት የድጓ መምህሩ የኔታ ይስሐቅ ብቻ ነበሩ። አንድ አርብ አህያቸውን በቦዩ ሊያሻግሩ ሲሞክሩ አህያዋ ተንሸራታ ገባች፤ ስልቻው ተቀዶ ገብሱ ጭቃ ላይ ፈሰሰ። ካሣነሽ ሮጣ ወረደች። አህያዋን በሰው እርዳታ አወጧት፤ የኔታ በእርጅና ጉልበታቸው ተንበርክከው ገብሱን ይለቅሙ ጀመር። ይህን ማየት አልቻለችም።

«የኔታ፣ ከእንግዲህ ፈንታው ዘንድ ያስፈጩ» አለች።

«አንቺስ?»

የተረፈውን እህል በራሷ ስልቻ ገልብጣ ጫነችና፣ አህያቸውን እየሳበች የኔታን እስከ ታች ሰፈር አደረሰቻቸው። ፈንታው ደጅ የተሰለፈው ሁሉ የእሷ ሰው ነበር። ሲያይዋት መሬት መሬት አዩ። ከሲማዳ በኩል የመጣችና የማታውቃት አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ፣ «እናቴ፣ ተራ አለ፤ ከኋላ ይቁሙ» አለቻት።

ካሣነሽ የአህያዋን ገመድ እንደያዘች ሄዳ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።