ከስፌት ቤቴ ያልወጣው ቀበቶ

የልጅ ልጄ ኦዴት አንድ ቀን “ቀበቶው የት ነበር?” ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? ይህን እያልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። የምመልሰው ግን አላገኘሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦዴት የአባቷን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዛ ከምድር ቤት ወጣች። ልጄ ዱዋርቴ ከሞተ ወዲህ ያን ዘንግ የነካ ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን አርሊንዶ የሰጣትን፣ እስከ ደረት የሚደርሰውን አሮጌ የጎማ ሱሪም ለብሳለች።

“ወዴት ነው?” አልኳት፣ ወዴት እንደሆነ እያወቅሁ።

“ባሕሩ ውስጥ ወደገባው የአሸዋ ምላስ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሕሩ መሸሽ ይጀምራል።”

“ንፋሱን አላየሽም? ትናንት ማታ ስታስነጥሺ አልነበር?”

“ቫቮ፣ ያስነጠሰኝ ያንቺ በርበሬ ነው” አለችኝ፤ እኔን አያቷን የምትጠራኝ እንዲህ ነው።

አርሊንዶ በሩን ተደግፎ ሳቀ። “አይስጉ ዶና ዲዮሊንዳ። ይቺ ልጅ ሕጉን ከኔ በላይ ታውቃለች። ባለፈው ሰኞ ያወጣሁትን ባለ ሰረዝ ዓሣ ሃያ ሰባት ኢንች ተኩል ነው ብላ አስለቀቀችኝ!”

“ሃያ ስምንት ካልሞላ አይወሰድማ። ጅራቱን ገጥመን ስንለካው እንኳ አልሞላም። አንተ ቢፈቀድልህ ጢምህን ጨምረህ ትለካው ነበር።”

“ካነሰ መልስ፣ ከሠላሳ አንድ ከበለጠ መልስ፣ በቀን አንድ ብቻ ያዝ! ባዶ እጄን ስገባ ሚስቴ ሕጉን አትሰማኝም፤ አንተ ሰነፍ ነው የምትለኝ።”

እነሱ ሲሳሳቁ እኔ መሳቅ አቃተኝ። ልጄ የሞተው ከሠላሳ አንድ ኢንች የምትበልጥ ዓሣ ወደ ባሕሩ ሲመልስ ነው። ትልቋ እንቁላል የምትጥል እናት ናት፤ ትመለሳለች። ታግላ ከደከመች ግን ወርውሯት መሄድ መግደል ነው። አውራ ጣትህን አፏ ውስጥ ከትተህ፣ የታች መንጋጋዋን ይዘህ፣ ፊቷን ወደ ሞገዱ አዙረህ ትጠብቃለህ። ነፍስ ስትዘራ ጣትህን ትነክሳለች። ያኔ ትለቃታለህ።

ዱዋርቴ እስከ ወገቡ ገብቶ ጠበቃት። አርሊንዶ ከአሸዋው ምላስ ሌላ ጫፍ ሆኖ “ነከሰች!” ብሎ በደስታ ሲጮህ ሰምቶታል። ከዚያ ትልቅ ሞገድ መጣ፣ ጣለው፣ የጎማ ሱሪው ውሃ ሞላ። አርሊንዶ እየሮጠ ሲደርስ ልጄ አልቆለታል። ሱሪው ላይ ጠበቅ ያለ ቀበቶ ቢኖር ውሃው እንዲያ ቶሎ አይገባም ነበር።

ሰው ሁሉ “ረሳው” አለ። ኦዴትም አለች። “መጀመሪያ ያስተማረኝ እኮ ቀበቶውን ነው! ሳላስር አንድ እርምጃ ብገባ ይቆጣኝ ነበር። ራሱ ግን ለኔ ብሎ እንኳ አላሰረውም።” እስከ ዛሬ መቃብሩ ጋ ሄዳ አታውቅም።

አልረሳውም። የቀበቶው ዘለበት ስፌቱ ላልቶ ነበር። ውሃ ውስጥ ቢፈታበትስ ብዬ ፈራሁና፣ ያን እሑድ ጠዋት ከሚስማሩ አንስቼ ስፌት ቤቴ ወሰድኩት። ከቅዳሴ ስመለስ እጨርሰዋለሁ አልኩ። እሑድ ዓሣ አያጠምድም ነበራ። አርሊንዶ ደውሎ “ዓሣው ዳር ድረስ መጥቷል” እንደሚለው በምን ልወቅ? ስመለስ ዱዋርቴ የለም። ምድር ቤት ወረድኩ። ሣጥኖቹ ሁሉ ተገለባብጠዋል፤ ቡትስ ጫማዎቹ ተበታትነዋል። ፈልጎት ነበር።

አመሻሹ ላይ ሰዎች ሊነግሩኝ ሲመጡ ሣጥኖቹን ወደ ቦታቸው መልሼ ነበር።

“ኧረ ለመሆኑ ቀበቶሽስ?” አላት አርሊንዶ በሩን እንደተደገፈ።

“አንተ ያለ ቀበቶ አይደል የሰጠኸኝ? በገመድ አስረዋለሁ።”

ገመድ! ገመድ ሲርስ ይላላ የለም እንዴ? እግሬ ራሱ ስፌት ቤት ወሰደኝ። ከጨርቆቹ ስር አወጣሁት፤ ዘለበቱን ከቀብሩ በኋላ ባለኝ ክር፣ በቀይ ክር፣ ሰፍቼው ነበር። አምጥቼ እጇ ላይ አኖርኩት።

ኦዴት አገላብጣ አየችው። “የአባዬ ነው። የት ነበር?”

“እኔ ጋ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከዚያ ጠዋት ጀምሮ። ልሰፋለት ብዬ ነው የወሰድኩት። ፈልጎታል ኦዴት። ሣጥኖቹን ሁሉ ገለባብጦ ፈልጎታል። መልሼ የደረደርኳቸው እኔ ነኝ።”

አርሊንዶ ቆቡን አወለቀ። “ዶና ዲዮሊንዳ…” አለ።

ኦዴት ቀበቶውን ወገቧ ላይ አዞረችው። ሳበችው። አባቷ ያደርግ እንደነበረው ሁለት ጣቷን ከስሩ አስገብታ መጥበቁን ፈተነች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ቀዩ ክር ላይ አሳርፋ ቆየች።

“ሹራብሽን ደርቢ” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዘንጉን አነሳችና ወጣች።