የታጠበው ሞተር

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ የሚያጥቡት ነገር ሲያጡ የታጠበውን ይደግሙታል። ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል ሲባል ሊያግዙን የመጡ ለት፣ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ የበሩን እጀታ በመሀረባቸው ወለወሉት። ከዚያ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የአልጋው እግር ሳይቀር ተራ በተራ ታጠበ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከቤታችን ጋር የተያያዘች፣ በሯ ወደ መንገድ የሆነ ክፍል ናት፤ እሷንም ወረሯት። ደንበኞቼ "ኧረ ወንበርህ ላይ መቀመጥ አሳፈረን" እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር።

ጓሮ የቆመችው መኪና ግን የእኔ ናት፤ ማንም እንዲነካት አልፈልግም። በቅርቡ ነው የገዛኋት። ስንት ባለቤት እንደቀያየረች እንጃ፣ የሄደችውን ኪሎ ሜትር ያየ ሁሉ ያፏጫል። ጓደኞቼ "መኪና ነው የገዛኸው ወይስ ጡረተኛ?" አሉኝ። ይበሉ። እኔ የገዛኋት ልታይባት አይደለም። የመጀመሪያ ልጃችንን ያጣነው መኪና ስንለምን ነው። ሚስቴ ምጥ ይዟት መንገድ ዳር ቆመን፣ የቆመልን ሁሉ እሷን ሲያይ ለወንበሩ እየሳሳ ጥሎን ሄደ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ረፍዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ እጄን አንስቼ መኪና ማስቆም ያመኛል። ለዚህኛው ልጅ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁልፉን ሳዞር የሚነሳ ሞተር።

ሰፈራችን ውስጥ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ "ጡሩምባ" የምንለው መካኒክ አለ። ዘይቷን ለወጠ፣ ቺንጋዋን ለወጠ፣ ባትሪዋን ፈተሸ። ከዚያ ኮፈኑን እንደከፈተ ጠራኝ።

"ይኸውልህ ወንድሜ፣ ሞተሩን በእሳት የሚያስነሱት ካንዴላዎች ያሉት እነዚህ ጉድጓዶች ውስጥ ነው። ክዳናቸው ላይ ያለው ጎማ በእርጅና ደርቋል። ሌላ እስካመጣልህ ሞተሯን ውሃ እንዳታስነካት።"

"ይሄ ሁሉ ጥላሸትስ?"

"ተወው። ጥላሸት ሞተር አያቆምም።"

ለሚስቴ ነገርኳት። ለአማቴ አልነገርኩም፤ ሞተር የሚያጥብ ሰው አለ ብዬ በምን ልጠርጥር?

ጠዋት ጠዋት ሱቄን ከመክፈቴ በፊት አስነሳታለሁ፤ ጆሮዬን ቀስሬ ድምጿን አዳምጣለሁ። ሚስቴ በመስኮት ብቅ ትልና "እኔን እንዴት አደርሽ ሳትል እሷን ትጠይቃለህ" ትለኛለች። ትስቃለች፤ ግን እሷም እንደምታዳምጥ አውቃለሁ።

የዚያን ቀን ጠዋትም ያለ ምንም ማንገራገር ተነሳችልኝ። ደስ ብሎኝ ሱቄን ከፈትኩ። ቀትር ላይ የአንድ ደንበኛዬን ግማሽ ራስ ላጭቼ ወደ ሌላው ግማሽ ሳልፍ የሚስቴን ጩኸት ሰማሁ። መላጫው ከእጄ ወደቀ።

"ሂድ!" አለኝ ደንበኛዬ። "ፀጉሬ የትም አይሄድም።"

ሚስቴን ደግፌ ጓሮ አወጣኋት። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተንዘፈዘፈ፣ ሳል ሳል አለውና ጠፋ። ደገምኩት። ያው ነው። ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት ሞተሩ ከእራት ሳህኖቻችን በልጦ ያብለጨልጫል።

ዞር ስል አማቴ ባልዲያቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

"ልጄ፣ የልጅ ልጄ በዚያ ሁሉ ጥቀርሻ አይመጣም ብዬ… በሳሙና ነው እኮ ያጠብኩት። ምን አጠፋሁ?"

ደሜ ፈላ። አፌ ላይ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም፤ አማት ናቸው፣ ዋጥኩት። ባለታክሲ ጋ ደወልኩ። "መንገዱ ተዘጋግቷል፣ ትንሽ ጠብቅ" አለኝ። ሚስቴ የበሩን መቃን ይዛ፣ ፊቷ በላብ ርሶ አየችኝ።

"አንተ… እንደዚያን ቀን እንዳይሆን።"

ጡሩምባ ጋ ደውዬ ሞተሯ መታጠቧን ነገርኩት፤ ጋራዥ ነበር። ድምፁ ያለ ስልክም የሚሰማ መሰለኝ።

"እኔ እስክደርስ አትጠብቅ! ክዳኖቹን ንቀላቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ተኝቶበታል። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ምጠጠው፣ ከዚያ ሙቅ አየር ንፋበት!"

ሙቅ አየር እንኳ አላጣም፤ የፀጉር ማድረቂያ አለኝ። ደረቅ ጨርቅ ግን ከየት ይምጣ? የሱቄ ፎጣዎች ታጥበው ገመድ ላይ ይንጠባጠባሉ። አንሶላው ይንጠባጠባል። መጋረጃው ይንጠባጠባል። የለበስኩት ሸሚዝ በሰው ፀጉር ተሞልቷል። ያን ሁሉ የታጠበ ጨርቅ እያየሁ ማልቀስ አማረኝ።

አማቴ ባልዲውን ጥለው ወደ ውስጥ ሮጡ። ሲመለሱ የሕፃኑን መጠቅለያዎች ታቅፈው ነው። በእጃቸው የሰፏቸው፣ አጥበው የተኮሷቸው፣ እኔ እንኳ እጄን ሳልታጠብ እንዳላያቸው የተከለከልኩ ነጫጭ ጨርቆች። አንዱን በእንጨት ማንኪያ እጀታ ላይ ጠመጠሙና ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱት። ጠቁሮ፣ ውሃ ጠጥቶ ወጣ። ወረወሩት፤ ሌላ ጠመጠሙ።

"እማማ፣ እኔ ልሥራው።"

"አንተ ያንን ንቀል! ቶሎ በል ልጄ። ይሄኛውን ልጅ እኔ ገደልኩት ብዬ እንዳልኖር፣ ቶሎ በል።"

ያን ጊዜ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። አንጀቴን በሉት። እኔ መንገድ ዳር የቆምኩባትን ያቺን ቀን እሳቸውም በሄዱበት ሁሉ ይዘዋት እንደሚዞሩ አስቤ አላውቅም ነበር። የሚያጥቡት ለዚያ ይሆን? አልጠየቅኳቸውም፤ ክዳን ነቀልኩ።

ደንበኛዬ ፎጣው አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ በግማሽ ራሱ፣ ማድረቂያውን ከነገመዱ እየጎተተ መጣ። እሱ ይነፋል፣ አማቴ ውሃውን ይመጥጣሉ፣ እኔ ክዳኑን እመልሳለሁ። መንደሩ አይቶን ቢሆን ዕድሜ ልካችንን ይስቅብን ነበር።

ቁልፉን አዞርኩ። ሳል አለው። አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሞተሩ ተንገጫገጨ፣ ጥቂት አንገራገረ፣ ከዚያ ያቺ ጠዋት ጠዋት የማዳምጣት ድምፅ መጣች። ሚስቴ ምጧን ረስታ "ተነሳች!" ብላ ጮኸች።

መንገዱን ሁሉ አማቴ ከኋላ ሚስቴን ደግፈው ተቀመጡ፤ እጃቸው እስከ አንጓው ጥቁር ነው። በቆሸሸ እጅ ሲቀመጡ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

ሴት ልጅ ወለደችልኝ። ለቅሶዋን ኮሪደር ላይ ሆኜ ስሰማ ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ፤ አላፈርኩም። በማግሥቱ ወደ ቤት ልንመለስ ስንል ነርሷ መጠቅለያ ጠየቀችን። አማቴ ከቦርሳቸው አንዲት ጨርቅ አወጡ፤ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ጫፏ ላይ የእሳቸው ጣት ጥቁር ሆኖ ታትሟል። ነርሷ ገልበጥ አድርጋ አየቻት።

"ንጹሕ የላችሁም?"

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ሚስቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ እጇን ዘረጋች።

"በእሷ ነው የምትጠቀለለው" አለች። "እማዬ፣ ነይ አንቺ ጠቅልያት።"

ጡሩምባ የካንዴላ ክዳኖቹን ጎማ ለውጦልኛል፤ አሁን ሞተሯ ቢታጠብም አይፈራም። አማቴ ቤቱን እንደገና ከጣሪያ እስከ ወለል አጥበውታል፤ ሱቄንም፣ ግማሽ ራሱን ሊያስጨርስ የመጣውን ደንበኛዬን ጫማ ጭምር። ያቺን ጨርቅ ግን አጣጥፈው ልብሳቸው መሐል አኑረዋታል። እስከ ዛሬ ውሃ አላስነኳትም።