ከመኪናው ስር የተነጠፈ ጋዜጣ

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሲልከ ማይለንደር ፖስታውን ከሳጥኗ አውጥታ እዚያው መግቢያው ላይ እንደቆመች ከፈተችው። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ እሷ ግን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ በሦስተኛው በጣቷ እየተከተለች።

«በህንፃው ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት በግቢው ውስጥ መኪና ማጠብ ክልክል ነው። የግቢው ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ወንዙ ስለሚወርድ ማንኛውም ሳሙና ያለበት ውሃ ወደዚያ መግባት የለበትም። ለሦስተኛ ጊዜ ከተገኙ የአንደኛ ቁጥር የመኪና ማቆሚያ ውልዎ ይቋረጣል።»

ከደብዳቤው ጋር አንድ ፎቶ ተያይዟል። የራሷ ጀርባ ነው፤ ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ እግሯ አጠገብ ሰማያዊ ባልዲ አለ። ፎቶው ከላይ የተነሳ ነው። በዚያ ከፍታ ደግሞ ወደ ግቢው የሚያይ አንድ መስኮት ብቻ ነበር፦ የሁለተኛ ፎቁ፣ የአቶ ኤበርለ፣ ዳንቴል መጋረጃው ሁልጊዜ የተተኮሰው።

አንደኛ ቁጥር ከበሩ ሰባት እርምጃ ነው። ሲልከ ይህን የምታውቀው ስለቆጠረችው ነው። ልጇ ፍሪዳ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዳሌዋ ላይ ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፤ በክራንች ሰባት እርምጃ ትችላለች፤ በደህና ቀን አሥር። ሌላው ማቆሚያ ከወይን ተራራ መንገድ ግርጌ ነው፤ ዳገቱ ደግሞ ፖስተኛው እንኳ ብስክሌቱን እየገፋ የሚወጣው ነው። ባለፈው ክረምት መንገዱ ሲቆፈር ሲልከ ልጇን አሥራ ሁለት ቀን በጀርባዋ ተሸክማ ወጥታለች። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከአልጋዋ መነሳት አቃታት።

መኪናዋን ማጠብ ደግሞ አማራጭ አልነበረውም። ግቢው ውስጥ ያለው የሊንደን ዛፍ ሰኔን ሙሉ የሚያጣብቅ ነገር ያንጠባጥባል፤ በሳምንት ውስጥ የፊት መስታወቱ ማር የተቀባ ይመስላል። ጣሪያው ላይ የፍሪዳን ተሽከርካሪ ወንበር የሚያወጣና የሚያወርድ ማንሻ ስላለ የመኪና ማጠቢያው ሰውዬ አይቶ መልሷታል። «ይህን ብሩሹ ነቅሎ ይወስደዋል፤ ከዚያ እኔን ነው የሚከሱት» አላት። በግፊት ውሃ የሚታጠብበት ሌላ ቦታ ሄደች፤ ውሃው የማንሻው ሞተር ውስጥ ገብቶ ወንበሩ ሁለት ሳምንት ጣሪያው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ማለቅለቅ የማይፈልገውን ፈሳሽ የገዛችው። አንድ ክዳን ፈሳሽ በአንድ ባልዲ ውሃ፣ ጠረግ፣ ደረቅ፣ አለቀ።

ደብዳቤውን ይዛ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች።

በአቶ ኤበርለ በር እጀታ ላይ የጽዳት ሰሌዳው ተንጠልጥሏል። በዚያ ህንፃ እያንዳንዱ ቤት በተራው አንድ ሳምንት ደረጃውንና ግቢውን ይጠርጋል፣ ይወለውላል፤ ሲጨርስ ሰሌዳውን ቀጣዩ ጎረቤት በር ላይ ይሰቅላል። የዚህ ሳምንት ተራ የእሳቸው ነበር። ሌላው ቢረሳም እሳቸው አይረሱም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ተራቸው ሆኖ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ደወል ሲመታ የመወልወያ ውሃቸውን ሳይደፉ የቀሩበት ቀን የለም ይባላል።

በሩ በሰንሰለቱ ልክ ተከፈተ።

«ምን ፈለጉ?»

«ፎቶ ያነሱኝ እርስዎ ነዎት።»

«እርስዎን ምን ላደርግዎ? ያነሳሁት ባልዲውን ነው። እርስዎ መሃል ገብተው ነው።»

«አቶ ኤበርለ፣ ከዚያ ባልዲ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር አይተዋል?»

«ባልዲ አለ፣ ውሃ አለ፣ ጨርቅ አለ፣ መኪና አለ። ይህ ማጠብ ይባላል። በእርስዎ ቤት ምን ይባላል? ጸሎት?»

«ማለቅለቅ የማይፈልግ ፈሳሽ ነው። በጨርቅ ጠርጌ በጨርቅ አደርቀዋለሁ። ጠብታ አይወርድም።»

«የሻጭ ወሬ!»

«ልጄን ያውቋታል። ያን ቦታ ከወሰዱብን ከታች እስከ ላይ ማን ይሸከማታል?»

አቶ ኤበርለ በክፍተቱ አዩዋት። «ላሳዘነን ሰው ሁሉ አንድ አንድ አንቀጽ ከሰረዝን፣ ወይዘሮ ማይለንደር፣ ደንብ የሚባል ነገር ይተርፋል?»

ሲልከ ቀጥሎ የተናገረችውን አስባ አልተናገረችውም።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ይውረዱ። ደብዳቤውን የጻፉት ወይዘሮ ሃፍነርም ይምጡ። ከመኪናው ስር ካርቶን አነጥፌ ፊታችሁ አጥባለሁ። አንድ ጠብታ ከነካው ቦታውን በገዛ እጄ አስረክባለሁ።»

ሰንሰለቱ ተፈታ። በስድስት ዓመት ውስጥ ያ በር ለእሷ ወለል ብሎ ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር።

«ካርቶን ውሃ ይደብቃል» አሉ አቶ ኤበርለ። «የሚያሳብቀው ጋዜጣ ነው። ጋዜጣውንም የማመጣው እኔ ነኝ። የእርስዎን ወረቀት አላምንም።»

ማታ ፍሪዳ ምስሯን በማንኪያ እያገላበጠች ጠየቀች። «እማ፣ ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ከአፌ አመለጠኝ።»

«ብትሸነፊስ?»

«አልሸነፍም።»

«ግን ብትሸነፊ?»

«ምስርሽን ጨርሺ» አለች ሲልከ።

ከእራት በኋላ አሥራ ሁለት ጨርቆች አጥፋ ደረደረች። ጨርቁ በጣም ከራሰ ይንጠባጠባል፤ በጣም ከተጨመቀ ደግሞ አቧራው ቀለሙን ይጭረዋል። መሃሉን እጇ ያውቀው ነበር። ነገ ግን እጇ እንደማይሳሳት በምን ታውቃለች?

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ኤበርለ ከመኪናው ስርና ዙሪያ ጋዜጣ አንጥፈው ጨረሱ። አንዱን ገጽ በሌላው ላይ እንደ ጣሪያ ሸክላ ደራርበው በየጥጉ ድንጋይ ጭነውበታል። ደረጃውን ማልደው ወልውለውታል፤ ባልዲያቸው በሩ ጥግ ቆሟል። የህንፃው አስተዳዳሪ ወይዘሮ ሃፍነር፣ በዚያው ግቢ በሁለተኛው መግቢያ የሚኖሩት፣ ማህደር በብብታቸው ሸጉጠው መጡ።

«ገበያ ልሄድ ነበር። እባክዎ ቶሎ ይበሉ» አሉ።

ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ቶርስተን የሚባለው ጎረቤት ብሬትሰል የሚባለውን ጥምዝምዝ ዳቦ እየገመጠ አንገቱን አወጣ። «አቶ ኤበርለ፣ የስፖርቱን ገጽም አነጠፉት? እኔ ገና አላነበብኩትም!»

«እርስዎ ዝም ይበሉ። ብስክሌትዎ ደረጃ ስር መቆሙን አልረሳሁም።»

ሲልከ ማንንም አላየችም። አንድ ክዳን ፈሳሽ ባልዲው ውስጥ ጨምራ በእጇ አማሰለችው። በመርጫ ጠርሙሱ ጣሪያውን አርከፈከፈች፤ የዛፉ ሙጫ እስኪለሰልስ ጠበቀች። ጨርቁን አራት አጥፋ ከፊት ወደ ኋላ አንዴ ሳበችው፤ ገለበጠችው፤ ንጹሑን ገጽ እንደገና ሳበችው። የቆሸሸውን ጨርቅ ወደ ባልዲው አትመልሰውም፤ በፌስታል ውስጥ ትከተዋለች። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አበሰችው። ጣሪያው አበራ። ጋዜጣው ደረቅ ነው።

አቶ ኤበርለ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መኪናውን ይዞሩታል። «ይህ ነው እጥበቱ? እኔ ለመነጽሬ ከዚህ የበለጠ እደክማለሁ።»

«እንግዲያው እጥበት አይደለም ማለት ነው» አለች ሲልከ ቀና ሳትል። «ይጻፍልኝ።»

ከላይ ቶርስተን ሳቀ። ወይዘሮ ሃፍነር ሰዓታቸውን አዩ።

ኮፈኑ አለቀ። የፊት መስታወቱ አለቀ። የግራ በሮች አለቁ። በቀኝ በኩል ፓራፋንጎውን ጨርሳ ወደ በሩ ስትዞር ከማንሻው ማጠፊያ ስር ተጠራቅሞ የቆየ ውሃ ሾልኮ ወጣ። አንዲት ጠብታ በመስታወቱ ላይ፣ ከዚያ በበሩ ላይ ቁልቁል ሮጠች። ሲልከ ጨርቅ ለማንሳት ጊዜ አልነበራትም። ክንዷን ወርውራ በሹራቧ እጅጌ አፈነቻት።

«ወረደ!» አሉ አቶ ኤበርለ። «ወረደ! ወረደ!» በጉልበታቸው ተንበርክከው ፊታቸውን ጋዜጣው ላይ ሊደፉ ደረሱ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከፊት ጎማው አጠገብ ወረቀቱ የጥፍር ያህል ጠቁሯል።

«እጅጌዬ ላይ ነው ያረፈው! ይኸው፣ ይዩት!»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው?»

«ላብዎ ነው!» አለ ቶርስተን። «አፍንጫዎ ጫፍ ላይ ሌላ እየመጣ ነው!»

ወይዘሮ ሃፍነር ጎንበስ ብለው አዩት፤ በጣታቸውም ነኩት። የማን ጠብታ እንደሆነች ወረቀቱ አይናገርም። ቀና ብለው ማህደራቸውን ከፈቱ።

«ጠብታ ነው» አሉ። «ወይዘሮ ማይለንደር፣ ቃሉን የሰጡት እርስዎ ነዎት። እኔ አላስገደድኩዎትም።»

ሲልከ ወደ መስኮቷ ዞረች። ፍሪዳ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ እያየች ነው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አምስት ሰዓት መታ።

አቶ ኤበርለ ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ። ፊታቸው እንደ ልደት ቀን በርቷል። «እርስዎ ይጻፉ፣ እኔ ሥራዬ ደርሷል» አሏቸው ለወይዘሮ ሃፍነር። የበሩን ደፍ በአራት ምት ወለወሉ፤ መወልወያቸውን ጨመቁ፤ ባልዲውን አንስተው ከፊት ጎማው ሁለት እርምጃ ወዳለው የፍሳሽ ጉድጓድ ሄዱና እስከ ታች ገለበጡት። ግራጫ አረፋ ወንዙን ለማስታወስ ከብረቱ ክዳን ጎን በተሳለችው ሰማያዊ ዓሣ ላይ አልፎ ወደ ውስጥ ገባ። ግቢው የሎሚ ሳሙና ሸተተ።

መጀመሪያ ለሲልከም ያልተለመደ ነገር አልመሰላትም። እሷም ስድስት ዓመት ሙሉ ተራዋ በደረሰ ቁጥር እዚያው ደፍታለች። ከዚያ እጇ ኪሷ ውስጥ ገባ። ደብዳቤው እዚያ ነበር። ዘረጋችውና ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ አነበበች።

«የግቢው ፍሳሽ በቀጥታ ወደ ወንዙ ስለሚወርድ ማንኛውም ሳሙና ያለበት ውሃ ወደዚያ መግባት የለበትም።»

አቶ ኤበርለ ባዶውን ባልዲ እንደያዙ ዞሩ። «ይህ የጽዳት ሳምንት ነው!»

«የመኪና ሳሙና አይልም። ማንኛውም ይላል።»

«ሁሉም ሰው የሚደፋው እዚህ ነው! እርስዎም ይደፋሉ! ባለፈው ወር እንኳን ወይዘሮ ሃፍነር ራሳቸው...» አፋቸውን ዘጉ። ዘግይተዋል፤ የወይዘሮ ሃፍነር ጆሮ ቀልቷል።

«አዎ፣ እኔም ደፍቻለሁ» አለች ሲልከ።  «ይጻፉት። የእኔን አንድ ጠብታ ይጻፉ፣ የእሳቸውን አንድ ባልዲ ይጻፉ፤ ከዚያ የሁላችንንም በየተራ ይጻፉ። ካልሆነ ብዕርዎን ይክደኑት።»

ወይዘሮ ሃፍነር አረፋ የለበሰችውን ዓሣ ትንሽ አዩአት። ብዕራቸውን ከደኑ።

«ጠብታዋ ከየት እንደመጣች አልታወቀም» አሉ። «ማቆሚያው ባለበት ይቆያል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የመወልወያ ውሃ የሚደፋው በየመጸዳጃ ቤቱ ነው። ለሁሉም። ወረቀት እለጥፋለሁ።» ደህና ዋሉ ሳይሉ ወደ ገበያቸው ሄዱ።

«ባልዲ ተሸክሜ ፎቅ ልወጣ ነው?» አለ ቶርስተን። «እግዜር ይስጥልኝ፣ አቶ ኤበርለ!»

አቶ ኤበርለ አልሰሙትም። ወደ ሲልከ አንድ እርምጃ ቀረቡ። «አንቺ» አሉ። ሲሰድቧት እንኳ እርስዎ ከማለት ወጥተው አያውቁም ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ተራሽ ይደርሳል። አይሻለሁ።»

«ጋዜጣዎን ያንሱ» አለች ሲልከ። «ግቢ ውስጥ ወረቀት መጣል ክልክል ነው።»

አላነሱም። በሩን ከኋላቸው ወርውረው ዘጉት።

ቸርኬዎቹ ቀርተው ነበር። ሲልከ የመጨረሻውን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ ነከረች፤ ስታወጣው ግን ጣቶቿ አልጨብጥ አሏት፤ ውሃው ዥርር ብሎ ወረደና የስፖርቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አራሰው። ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ቶርስተን ገብቷል። መጋረጃው ተዘግቷል። ገጹን ጠቅልላ የቆሸሹ ጨርቆቿ ውስጥ ወሸቀችው፤ ከዚያ ሌሎቹንም ሁሉ ለቀመች።

እሑድ ማታ የጽዳት ሰሌዳው በእሷ በር እጀታ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ተራው የቶርስተን ነበር። ቶርስተን ራሱ አይቶት አንኳኳ።

«አቶ ኤበርለ ተሳስተው ነው፤ ልውሰደው።»

«አልተሳሳቱም» አለች ሲልከ። «ይቀመጥ። እጠርጋለሁ። ሲጠብቁኝ ይዋሉ።»

ሰኞ ጠዋት ፍሪዳ በክራንቿ ከበሩ ወጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በአራተኛው ላይ ቆም ብላ ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ቀና ስትል የሁለተኛ ፎቁ ዳንቴል ሲንቀሳቀስ አየች። አንዱን ክራንች በብብቷ ይዛ እጇን አነሳች።

«አውርጂ» አለቻት እናቷ።

«ሰላም ልላቸው እኮ ነው።»

«አውርጂና መኪናው ውስጥ ግቢ፣ ፍሪዳ።»

አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ሲልከ በሩን ዘጋችላት። ወደ መሪው ከመዞሯ በፊት ወደ ላይ ቀና አለች፤ መጋረጃው እስኪመለስ ድረስም ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።