በልጅ ሆድ የተሳለ ስለት

ፈቃዱ ሃይማኖቱን እንደ ጋቢ ከላይ ደርቦ የሚሄድ ሰው ነው። የሚኖርባት መርሳ ደግሞ ቆላ ናትና ጋቢ የደረበ ሰው ከሩቅ ይለያል። በወረዳው ግብርና ቢሮ የማንጎና የብርቱካን ተባይ ባለሙያ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ በደብሩ በር ሦስት ጊዜ ይሳለማል፤ መንገደኛ ከበዛ አራት ጊዜ። ስለ ጾሙ ካልጠየቁት አይናገርም የሚሉት ግን ሐሰት ነው፤ ሳይጠይቁትም ይናገራል።

የዘጠኝ ዓመት ልጁ ፍሬሕይወት ሁለቱም ኩላሊቶቿ እምቢ ብለዋት አዲስ አበባ ተወሰደች። የእናቷ የሸጊቱ አንድ ኩላሊት ተተክሎላት፣ ከአምስት ወር በኋላ በኅዳር ወደ መርሳ ተመለሰች። ሐኪሙ ሲሸኛቸው የነገራቸው ጥቂት ነው። መድኃኒቷን ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አንድ ሰዓት ሳትዘልል ትውሰድ፤ ሰው የበዛበት ቦታ ለጊዜው አትሂድ፤ ያልፈላ ውኃ አትጠጣ።

"ሰውነቷ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ነው የሚያየው" አላቸው። "አስታርቆ የሚያኖራቸው መድኃኒቱ ነው። ካቋረጠች ጸቡ ይነሣል።"

ሸጊቱ ይህን ቃል በቃል ይዛ መጣች። ፈቃዱም ይዞት ነበር፤ ግን ደሴ ላይ ሳሳበት፣ ውርጌሳ ሲደርሱ ጨርሶ ተነነ።

የመጀመሪያው ሳምንት የጠያቂ ነበር። ሸጊቱ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀመጠችና ገብቶ መሳም ክልክል ነው አለች። በሽተኛ ሳይስሙ መመለስ ለመርሳ ሰው ከስድብ አይተናነስምና ብዙው አኩርፎ ሄደ። ነገሩ የገባት ጎረቤታቸው መሪማ ብቻ ነች። በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ ቆማ "ፍሬ! አፉ በይኝ! አብሽሪ፣ አላህ አፊያሽን ይስጥሽ!" ብላ ጮኻ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

የፈቃዱ ታላቅ እህት አበበች ግን ከወልድያ ሁለት ጀሪካን የገብርኤል ጸበል በሚኒባስ አስጭና መጥታ በሩ ላይ ተያዘች።

"እኔን? አክስቷን?"

"እትዬ አበበች፣ ሐኪሙ ነው እኮ ያለው።"

"ሐኪሙ ገብርኤልን ያውቀዋል?"

"እሱን እንጃ። ኩላሊቱን ግን ያውቀዋል።"

ሸጊቱ ጸበሉን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አማትባ ድስት ውስጥ ጨመረችና አፈላችው። አበበች ጸበሉ ሲንተከተክ ባየች ጊዜ የለቀቀችው ጩኸት እስከ መናኸሪያ ተሰማ።

"ኧረ ሰው ድረሱ! መላእክቱን ቀቀለቻቸው!"

እውነተኛው ጣጣ የመጣው ግን ከስለቱ ነው። ፈቃዱ ልጁ ኦፕራሲዮን በገባች ቀን ለገብርኤል ተስሎ ነበር። ከአዲስ አበባ እንደተመለሰ በጽዋ ማኅበሩ ፊት ተነሥቶ ተናገረው። "ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ልጄን በሕዝብ መካከል አቁሜ፣ አስጹሜ፣ አቆርባታለሁ!" አለ። ማኅበርተኛው አጨበጨበ። በሳምንቱ ወልድያ አርባ ካናቴራ ታተመ። ካናቴራው ላይ ፍሬሕይወት አለች፤ ከኋላዋ ፈቃዱ ትከሻዋን ይዞ ቆሟል፤ ከሥር "በአባቷ እምነት የዳነች" ይላል። በፎቶው ዳር የሸጊቱ ክርን ይታያል። የቀረው አካሏ ቦታ ስላልበቃ ተቆርጧል።

ለበዓሉ አራት ቀን ሲቀረው ፈቃዱ ዝግጅቱን ለሚስቱ አስረዳ።

"ከዋዜማው ጀምሮ ቅዳሴው እስኪያልቅ ምንም አትቀምስም። ውኃም ቢሆን። የማታውንና የጠዋቱን መድኃኒት ትተዋለች። ሁለቴ ብቻ ነው።"

"ሁለቴ ብቻ" አለች ሸጊቱ።

"አንቺ እምነት የለሽም።"

"አለኝ እንጂ። ገብርኤል ይህን ሁሉ መንገድ መርቶን እዚህ ካደረሰን በኋላ እንድንቀልድበት አልፈልግም። ልጅቷ አትሄድም።"

"አርባ ካናቴራ ታትሟል እኮ!"

ይህን ሊል አልፈለገም ነበር፤ አመለጠው። ሊያስተካክል ቸኩሎ "እንግዲያው የንስሐ አባታችን ይፍረዱ" አለ። መምሬ ብርሃኑ ለማን እንደሚፈርዱ አልተጠራጠረም፤ ቄስ ለጾም ካልፈረደ ለማን ሊፈርድ ነው?

መምሬ ብርሃኑ በማግስቱ መጡ። ገና ከበር እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። መስቀላቸውን ፍሬሕይወት ፊት ላይ ሳያደርሱ ከሩቅ ባረኳት። ይህ ፈቃዱን ቅር አሰኘው። ቢሆንም ስለ ስለት፣ ስለ ሐና፣ ስለ ሠለስቱ ደቂቅ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳቸው። መምሬ እያዛጉ ሰሙት።

"ጨረስክ?"

"አዎ፣ አባቴ።"

"ማነው የተሳለው?"

"እኔ።"

"የሚጾመውስ?"

"እሷ።"

"የሚቆርበው?"

"እሷ።"

"ታዲያ ያንተ ድርሻ ምንድን ነው? መቆም? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይህ ነው።" ፈቃዱ አፉን ሊከፍት ሲል በጭራቸው አስቆሙት። "የበሽተኛን ሥርዓት ለኔ ልታስተምረኝ ነው? ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው! ልጅቷ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ከቤትም አትወጣም። እሷን የማቆርብበትን ቀን እኔ አውቃለሁ። ስለት ግን ስለት ነውና አይቀርም። የተሳለው ይክፈል። ትጾማለህ፤ ንስሐ ትገባለህ፤ ትቆርባለህ።"

ፈቃዱን በመርሳ ሙቀት ብርድ ብርድ አለው። ለመጨረሻ ጊዜ የቆረበው የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ነው። አዋቂ ሲቆርብ ምን ምን እንደሚጠየቅ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለዚህም ነው የልጁን ቁርባን የመረጠው።

"እኔና ሸጊቱ የተጋባነው በሽማግሌ ነው እኮ፣ አባቴ። ለብቻዬ አይሆንም።"

"እኔ ዝግጁ ነኝ" አለች ሸጊቱ፣ ከወንበሯ ሳትነሣ።

"እንግዲህ አብራችሁ ትቆርባላችሁ። ለዐሥራ ዘጠኝ ባይደርስ ለጥር ይሆናል። ንስሐው ግን ዛሬ ነው። ልጄ፣ እስቲ አንዴ ውጪልን።"

ሸጊቱ ልጇን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ፈቃዱ ተንበረከከና ከቀላሉ ጀመረ። በፍልሰታ አንድ እንቁላል በልቷል።

"ቀጥል።"

የቢሮ ኃላፊውን አምቷል።

"እሺ፣ ቀጥል።"

በስብከት መካከል እንቅልፍ ወስዶታል።

"እኔንም ይወስደኛል። ቀጥል።"

ከዚያ በኋላ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ሳሉ ሐኪሙ "ኩላሊት ለመስጠት መጀመሪያ አባት ይመርመር" ብሎ ነበር። ፈቃዱ በዚያው ቀን ሱባዔ ልግባላት ብሎ አንድ ገዳም ሄደ። ዐሥራ አራት ቀን ቆሎ እየቆረጠመ ሰገደ። ሲመለስ ሸጊቱ ተመርምራ ጨርሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ያዳናት ሱባዔው እንደሆነ ለመርሳም፣ ለሲሪንቃም፣ ለወልድያም ተናግሯል።

"ሱባዔ ገብቼ ነበር" አለ፣ ድምፁ እየቀነሰ።

"ሱባዔ ኃጢአት ነው እንዴ?"

"የገባሁት… ለምርመራ ሲጠሩኝ ነው።"

መምሬ "ቀኖናህ አጭር ነው" አሉት። "በማኅበሩ ፊት ትቆምና ይህችኑ የነገርከኝን ትናገራለህ።"

"ስግደት አይሻልም፣ አባቴ? ሦስት መቶ እሰግዳለሁ።"

"አይ።"

"አምስት መቶ! በየቀኑ!"

"ጉልበትህ ብርቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ችግር ያለው ምላስህ ላይ ነው።"

ታኅሣሥ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ታቦቱ ገብቶ ማኅበርተኛው ድንኳን ውስጥ ሲሰበሰብ፣ ፈቃዱ ከፊት ቆመ። ልጅቷ የት አለች የሚል ጉምጉምታ ነበር። ላቡን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

"ኩላሊቱ የሸጊቱ ነው" አለ። "እኔ ሲጠሩኝ ፈርቼ ሸሸሁ። ሱባዔው ሽሽት ነበር። ልጄን ያዳንኳት እኔ አይደለሁም።"

ፈቃዱ ስድቡን ለመቀበል አንገቱን ደፋ። ያኔ አበበች እያለቀሰች ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"አያችሁ ትሕትናውን! ራሱን ሲያዋርድ አያችሁ ወንድሜን!"

እልልታው ድንኳኑን ሞላው። ሽማግሌዎች ትከሻውን ሊስሙ ተነሡ።

"ትሕትና አይደለም!" አለ ፈቃዱ። "እውነቴን ነው! እትዬ አበበች፣ እውነቴን እኮ ነው!"

"ጭራሽ!" አሉ ሽማግሌዎቹ እየተያዩ፣ እልልታውም ጨመረ።

ፈቃዱ በሰዎቹ ትከሻ ላይ አሻግሮ መምሬ ብርሃኑን ፈለጋቸው። መምሬ ጥግ ይዘው ጠላቸውን እየጠጡ ነበር። በጣታቸው "ድገም" አሉት።