ከጃኬቱ ኪስ የወጣው አልበም

ልብስ ሰፊዋ፣ ደንበኛ ገና በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ምን ሊያሰፋ እንደመጣ ታውቃለች። ትከሻውን አየት ታደርግና "እጅጌው ነው አይደል ያስቸገረህ?" ትለዋለች። ሰውየው በግርምት ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ትኮራለች፣ ብትኮራም አይፈረድባትም። ክፋቱ ይኼ ችሎታዋ ከሱቋ አልፎ ጓዳዋ መግባቱ ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭ ነው፤ ጢም ካወጣ የቆየ ትልቅ ሰው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግን አንደበቱ ይያዛል። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ሲቆምበት አንገቱ ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ እናቱ ደግሞ ይህን ለማየት አንጀት የላትም። ስለዚህ ትጨርስለታለች። "ው-ው-" ሲል ውሃው ተቀድቶ ይመጣል። ማተሚያ ቤት ሲቀጠር አለቃው ማተሚያ ማሽኑን ይመርጥ እንደሆነ ወይም ቆረጣውን ሲጠይቀው እሷ ናት "ቆረጣው ይሻለዋል፣ እዚያ ሰው ማናገር የለበትም" ያለችው። አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ልጅ በሩ ላይ ቆማ ለሽርሽር ስትጋብዘው፣ እሱ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ሲጀምር፣ "ዛሬ ሥራ አለበት የኔ ልጅ" ብላ ሸኘችለት። ልጅቷ ተመልሳ አልመጣችም። ለጎረቤት "እኔ አፉ ነኝ" ትላለች፣ ደስ እያላት። ልጁ አንድም ቀን አልተቃወመም። ለመቃወምም እኮ መናገር ያስፈልጋል።

ሰሞኑን ግን እሷ ስትሰፋ በሩ ላይ መጥቶ መቆም አብዝቷል።

"እማዬ፣ ቅ-ቅ-ቅዳሜ..."

"ቅዳሜ ሸሚዝህ ተተኩሶ ይጠብቅሃል፣ አታስብ።"

በማግስቱም መጣ። "ቅ-ቅዳሜ እ-እኔ..."

"ቅዳሜማ ትተኛለህ። ደክሞሃል፣ ዓይንህ ያስታውቃል።"

ፈገግ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። እሷም እንደወትሮው ልጄን ገላገልኩት ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ገበሩ የተቀደደ ጃኬቱን ትቶላት ሄደ። ልትገለብጠው ኪሱን ስትፈትሽ አንድ ሲዲ ወጣ። ክው ብላ ቀረች። ሽፋኑ ላይ ደረቱ የተከፈተ አፅም ተጋድሟል፣ ከጎድን አጥንቶቹ መሃል አንጀት ሳይሆን የተጠላለፈ ባለጥርስ የማሽን ብረት ይወጣል። ያ ዝምተኛ ልጇ፣ ዝንብ እንኳ በወረቀት አባብሎ የሚያስወጣው ልጇ፣ ይህን በኪሱ ይዞ ይዞራል? ራዲዮ የምትሰማበት አሮጌ ቴፕ ሲዲም ስለሚያጫውት ከተተችው። ከበሮው እንደ በረዶ ቆርቆሮ ላይ ወረደ። ከዚያ አንድ ነገር አጓራ። ሰው ነው እንዳትል አውሬ፣ አውሬ ነው እንዳትል ቃል አለው። ሶኬቱን ነቀለችና ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። መጥፎ ጓደኛ ይዞታል አለች። አደንዛዥ ዕፅም ታያት፣ ሰይጣንም ታያት፣ እስር ቤትም ታያት።

በዚህ መሃል ሆስፒታል የምትሠራ አንዲት የሰፈሯ ነርስ ያሰፋችውን ነጭ ጋውን ልትለካ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሽፋን ስታይ ፊቷ በራ።

"እትዬ፣ እርስዎም ይወዱታል እንዴ?"

"ምኑን?"

"አልበሙን ነዋ። እኔኮ ሌላ ነገር መስማት ትቻለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ቅጥነቷን፣ ለስላሳ ድምፅዋን፣ የተቆረጠ ጥፍሯን። ዛሬ ሰው ሁሉ አብዷል ማለት ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ጤና ነሽ? ሰው ሲታረድ እየሰማሽ ነው ቤትሽ የምትገቢው?"

ነርሷ ሳቀች። "እኔ ቀኑን ሙሉ 'አይዞዎት፣ ትንሽ ነው የሚያምዎት' እያልኩ ነው የምውለው። ያልኩት ውሸት ሲሆንም ድምፄን አልለውጥም። ስወጣ ይኼ ይጮህልኛል፣ ቤቴ ስደርስ ቀለል ይለኛል። ደግሞ ጩኸት ብቻ አይደለም። ይህን ዓይነት ሙዚቃ ቴክኒካል ዴዝ ሜታል ይሉታል፣ አጨዋወቱ እጅግ ከባድ ሥራ ነው። እርስዎ ልብስን ገልብጠው ስፌቱን ያዩ የለ? ይኼንንም ገልብጠው ይስሙት። ጩኸቱን ይተዉትና ከበሮውን ብቻ ይከተሉ።"

ነርሷ ሶኬቱን መልሳ ሰካችው። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ጥርሷን ነክሳ ሰማች። ቀስ እያለ ግን እግሯ ሳታዝዘው ፔዳሉን ፈለገ። ከበሮው የሚሮጠው መኪናዋ በሙሉ ፍጥነቷ ከምትሮጠው በላይ ነው፣ ግን አንድም ስፌት አይዘልም። ሁለት ጊታሮች አንዱ እንደ ላይኛው ክር፣ ሌላው እንደ ታችኛው እየተቆላለፉ ይሄዳሉ። ድንገት ሁሉም ጭጭ ይላሉ፣ ድንገት ማንም ባልጠበቀው ቦታ እኩል ይነሳሉ። የሚሳሳት የለም። ሳታስበው "የተረገሙ፣ እጃቸው ንጹሕ ነው" አለች።

"አላልኩዎትም?"

"ይኼ የሚያጓራውስ? ምን አድርገውት ነው?"

ነርሷ ሽፋኑን አነሳች። "እትዬ፣ የእውነት አያውቁም?" አለችና ከሽፋኑ ውስጥ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጋችላት።

ፎቶ ነው። አራት ላብ ያጠመቃቸው ወጣቶች መድረክ ላይ ቆመዋል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያወቀችው ሸሚዙን ነው፤ ድርብ ኮሌታ ያለው፣ ባለፈው ዓመት በእጇ የሰፋችው ጥቁር ሸሚዝ። ከኮሌታው በላይ ያለውን ፊት ለማመን ጊዜ ወሰደባት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ አፉን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ማይክ ይዟል።

"የኔ ልጅ?" አለች። "የኔ ልጅ እኮ ስሙን ለመናገር እንኳ..."

አልጨረሰችውም። ነርሷ ጋውኗን ሳትለካ ቀስ ብላ ወጣች።

ብቻዋን እንደገና ከፈተችው። አሁን ድምፁን አወቀችው፤ ከዚያ ሁሉ ማጓራት ሥር፣ አየር ሲስብ ያለችውን ትንሽ ማፏጨት አወቀቻት። ቃሎቹም አንድ በአንድ ይለዩ ጀመር። "ጉሮሮዬ ውስጥ የቆመ በር" ይላል አንድ ቦታ። ከልማዷ የተነሳ ልትጨርስለት አፏን ከፈተች። እሱ ግን አልፏት ሄዷል። ሌላ ቦታ ጠበቀችው፣ ከንፈሯን አሹላ፣ አሁን ይያዛል ብላ። አልተያዘም። እሷ አንድ ቃል ለመገመት ስትሞክር እሱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ሌላ ይጀምራል። በሕይወቷ እንዲህ ደንግጣ አታውቅም፤ ባሏ የሞተ ዕለትም ቢሆን። መናገር የማይችል ልጅ አልነበራትም ማለት ነው። ታዲያ እነዚያ ሁሉ እሷ የጨረሰችለት ነገሮች የማን ነበሩ? ውሃው ይሁን፣ ውሃ ምንም አይደለም። ማተሚያ ቤቱስ? ያቺ ልጅስ? ገላግዬዋለሁ ስትል አፉን ይዛው ኖራ እንደሆነስ? በራሷ አፈረች።

አመሻሽ ላይ ልጇ መጣ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ፎቶ አየና በሩ ላይ ደረቀ። እሷ በግማሽ የተሰፋ ቀሚስ ይዛ ቆማለች።

"እ-እማዬ፣ ቅ-ቅ-"

ምላሷ ተነሣ። ቅዳሜ ትዘፍናለህ፣ ልትለው ነው፤ ጫፉ ላይ ደርሷል። ከመርፌ ትራሷ ላይ እስፒሎቹን በእፍኝ ነቅላ በከንፈሯ ነከሰቻቸው። ስትሰፋ ሁልጊዜ የምታደርገው ነው። እስፒል አፏ ውስጥ እያለ ደግሞ ማንም ቢጠይቃት አትመልስም።

ልጁ እንደለመደው ቃሏን ጠበቀ። አልመጣም። ግራ ተጋብቶ አያት። ከዚያ ቃሉን ብቻውን ገጠመው። አንገቱ ተገተረ፣ መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ እሷም ሁሉንም አየችው። እስከ ዛሬ ከመጀመሪያው ስለምታቋርጠው መጨረሻውን አይታው አታውቅም ነበር። እስፒሎቹ ከንፈሯን ወጉት። ፊቷን አላዞረችም።

"ቅዳሜ... ከ-ከዚህ ቤት... ል-ልወጣ ነው።"

ቀሚሱ ከእጇ ወደቀ። ከገመተቻቸው ሁሉ አንዱም ይኼ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ በሸሚዝና በእንቅልፍ የሸፈነችለት ይህንን ነበር። እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። ለመለመን፣ ለመቆጣት፣ ለማልቀስ የሚሆን ቃል ሁሉ አፏ ውስጥ ተሰብስቧል።

"ጨረስክ?" አለችው።

"አ-አልጨረስኩም።"

እስፒሎቹን መልሳ ነከሰች።